ጭምብል ያጠለቁት ሕፃናትና የእኛ ክፍል

ሕፃናት በቴሌቪዥን ስለሚመለከቱት የሥዕል ፊልም ክርክር በተነሣ ጊዜ ሁሉ ሁለት ወገኖች ይሰለፋሉ። አንደኛው ወገን ነገሩን ከሥሩ ነቅሎ መጣል ይወዳል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ልጁ እዚያው ተቀምጦ መተባበርንና በራሱ መተማመንን ይማር የለምን፤ እኛን ምን አደከመን» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከሁለተኛው ወገን ጋራ ነው። የፊተኛው ወገን ቢሳሳትም እንኳ የሚጠላውን ነገር አይቶ ይጠላል፤ የኋለኛው ግን የሚያመሰግነውን ፊልም አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ እንዳልተመለከተው ከንግግሩ ይታወቃል።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ «ፒጄ ማስክስ» የተባለውን እንውሰድ። ሥሩ የፈረንሣይ ነው። ሮሙዋልድ ራቺዮፖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለትንንሽ ሕፃናት ካወጣቸው የሥዕል መጻሕፍት ተወስዶ በ2015 የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ቀላል ነው። ኮነር፣ አማያና ግሬግ የሚባሉ ሦስት ጓደኛሞች ቀን ቀን ተማሪዎች ናቸው፤ ሌሊት ግን የመኝታ ልብሳቸውን ለብሰው አምባራቸውን በነኩ ጊዜ ኮነር የድመት፣ አማያ የጉጉት፣ ግሬግ የእንሽላሊት ኃይል ያገኛሉ። ድመቱ እንደ ነፋስ ይሮጣል፤ ጉጉቷ ትበርራለች፤ እንሽላሊቱ ግድግዳ ይወጣል፣ ከባድ ሸክም ያነሣል። ከተማውን የሚያውኩት ሮሚዮ፣ ሉና ገርልና ናይት ኒንጃም እንደ እነርሱ ልጆች ናቸው። ዐዋቂ ሰው በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የፊልሙ ልብ ሩጫውና ብረራው አይደለም። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል በሚፈጀው በያንዳንዱ ታሪክ ከሦስቱ አንዱ ይሳሳታል። አንዳንድ ጊዜ የሚያሳስተው ትዕቢት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ቅናት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ፣ ይልቁንም በግሬግ ላይ፣ «እኔ አልችልም፤ እኔ ከጓደኞቼ አንሳለሁ» የሚል ሐሳብ ነው። በዚህም የተነሣ የሌሊቱ ሥራ ይበላሻል፤ ጠላትም ይፈነጫል። ጓደኞቹ ምናልባት ይቆጡት ይሆናል እንጂ ከመካከላቸው አያስወጡትም። ከዚያ በኋላ ልጁ ጥፋቱን በአፉ ተናግሮ ሦስቱ እንደ ገና ይነሣሉ። ይህ ነገር እኔን በጣም ደስ ያሰኘኛል። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ጀግና ሲፎክርና ሲሸልል እንጂ «ፈራሁ፤ አጠፋሁ» ሲል ከቶ አልሰማነውምና፣ ጀግና ጥፋቱን ሲናዘዝ ማየት ለሕፃን ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ታዲያ ፊልሙ ይህን ያህል መልካም ከሆነ ጠቡ ከምን መጣ? ጠቡ የመጣው ልጁ ይህን ሁሉ ብቻውን ተቀምጦ ያገኘዋል ከማለታችን ነው። ማሪ ሉዊዝ ሜርስና ኤሚሊ አኮስታ በ2008 ባወጡት ጥናት ለአፀደ ሕፃናት ልጆች ስለ ክሊፎርድ፣ ስለ ትልቁ ቀይ ውሻ የተሠራ አንድ ፊልም አሳዩአቸው። በታሪኩ ውስጥ ሦስት እግር ብቻ ያለው ውሻ ይመጣል፤ ሌሎቹ በመጀመሪያ ይሸሹታል፤ በመጨረሻም ይወዳጁታል። የፊልሙ ደራሲዎች የፈለጉት ልጁ ከእርሱ የተለየውን ሰው እንዳይሸሽ ለማስተማር ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ምን እንደ ተማሩ በተጠየቁ ጊዜ ትምህርቱን ከውሾቹ አሳልፈው ወደ ሰው ያመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሦስት እግር ላለው ውሻ ደግ መሆን እንደሚገባ ግን ተረድተዋል። በዚህ ልንስቅባቸው አይገባንም። ሰሙን ከወርቁ ለመለየት እኛንስ ስንት ዓመት ፈጅቶብናል?

የጀግኖቹም ነገር ከዚህ አይርቅም። ሣራ ኮይንና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ትምህርት ቤት ያልገቡ 240 ሕፃናትን አንድ ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። የጀግና ፊልም የሚያዘወትሩት ልጆች ከዓመት በኋላ ጠበኝነታቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ለሌላው ማዘንም ሆነ ለተጠቃ ጓደኛ መቆም ግን ጨምሮ አልተገኘም። አንድ ጥናት ብቻውን ፊልሙን ጥፋተኛ ለማድረግ አይበቃም፤ «ሲያይ ይማራል» ለሚሉት ሰዎች ግን ሊያልፉት የማይገባ ጥያቄ ነው። ልጁ ከአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ ርግጫውን ወስዶ ይቅርታውን ትቶት ሊነሣ ይችላል።

በዚህ ይከልከል የሚሉት ወዳጆቻችን ደስ እንዳይላቸው ሌላውን ወገን ልናገር። በዚያው በ2017 ሬቸል ዋይትና ባልደረቦቿ የአራትና የስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው 180 ልጆችን አንድ አሰልቺ ሥራ ለአሥር ደቂቃ እንዲሠሩ አዘዙ፤ ሥራው የሰለቸው ልጅ ተነሥቶ ከአጠገቡ ባለው ጨዋታ እንዲጫወት ተፈቅዶለት ነበር። ከሁሉ ይልቅ በሥራው የጸኑት እንደ ባትማን ያለ የሚወዱትን ሰው ልብስ ለብሰው፣ ራሳቸውን በእርሱ ስም እየጠሩ «ባትማን ተግቶ እየሠራ ነውን?» ብለው እንዲጠይቁ የተደረጉት ናቸው። እንግዲህ ጭምብሉ ሥራ አለው። ነገር ግን ይህ የሆነው ልጁ ቁጭ ብሎ ሲያይ ሳይሆን ሥራው በእጁ ሳለ ነው። አልበርት ባንዱራም በ1977 ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኘው ሲጽፍ አራት ምንጮችን ቆጥሯል፤ እነዚህም ራሱ ሠርቶ መሳካቱን ማየት፣ እርሱን የሚመስለው ሌላ ሰው ሲሳካለት መመልከት፣ የሌላ ሰው ማበረታቻና የሰውነቱና የስሜቱ ሁኔታ ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው ግን የመጀመሪያው ነው ብሏል። ፊልሙ ሁለተኛውን ይሰጥ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን የሚሰጠው ግን ክፍሉና ቤቱ ነው።

እስቲ ወደ ክፍሉ እንግባ። አንድ ልጅ ወደ ሰሌዳው ይወጣል፤ ሒሳቡን ይሳሳታል፤ ክፍሉ ይስቃል። መምህሩም አንዳንድ ጊዜ አብሮ ይስቃል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ በውጤት ካርዱ ላይ ከስድሳ ተማሪዎች ሃምሳ ሁለተኛ መሆኑ ተጽፎ ለወላጁ ይሰጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ድርሰት እናጽፈዋለን፤ ለጓደኛው ያስረዳ እንደ ሆነ «ለምን ታንሾካሹካለህ» ብለን እናስነሣዋለን። የቡድን ሥራ ሲታዘዝም አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ እኛም ይህን መተባበር እንለዋለን። ይህ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ግሬግ በጓደኞቹ ሲጽናና ቢመለከት ከፊልሙ የሚያገኘው ትምህርት ሳይሆን ተረት ነው፤ በቀን ዓለሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅምና።

ፊልሙንም የምነቅፍበት ቦታ ይህ ነው። «ፒጄ ማስክስ» ጥርጥርን ከልጁ ልብ የበቀለ አረም አድርጎ ያሳያል፤ ልጁም ራሱ ይነቅለዋል። ዐዋቂ ሰው በታሪኩ ውስጥ አይታይም ያልሁትም ለዚህ ነው፤ የማይታይ ሰው አይወቀስም። በእውነቱ ግን ከብዙ ልጆች ልብ ውስጥ ይህን አረም የዘራነው እኛ ነን። በዚህ ረገድ በአገራችን የተሠራው «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የሥዕል ፊልም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እዚያም ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች አሉ፤ የሚዋጉት ግን ከሮሚዮ ጋራ ሳይሆን ያለ ዕድሜ ጋብቻን ከመሰለ ጎጂ ልማድ ጋራ ነው። ልጅቷ ራሷን እንድትጠራጠር ያደረጋት ማን እንደ ሆነ ፊልሙ አይሸሽግም። የዚህ ፊልም ሠሪዎች ቀደም ሲል «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ሠርተዋል፤ የሐሳቡ አመንጪ ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። አንዳንድ ሰዎች እኛ ይህን የመሰለ ነገር መሥራት አንችልም ሲሉ ስሰማ፣ ራስን መጠራጠር የሕፃናት በሽታ ብቻ አለመሆኑ ይታሰበኛል።

መምህራን ባልደረቦቼ «ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል» ብለው እንደሚመልሱልኝ ዐውቃለሁ። መልሱ እውነት አለበት፤ ስድሳ ልጅ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የሚስቀውን ክፍል ዝም ማሰኘት ለስድሳ ልጅ ከሚሆን ይልቅ ለሃያ አይቀልም። የተሳሳተውን ልጅ ወደ ቦታው ከመመለስ ይልቅ ከጎኑ ያለውን ጓደኛውን አስነሥቶ «እንግዲህ ሁለታችሁ ፈልጉት» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወላጅም ማታ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ፊልሙ ባለቀ ጊዜ «ግሬግ ለምን ፈራ? አንተስ ዛሬ ምን አስፈራህ?» ብሎ ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለበትም፤ እነሜርስም በኋላ ባደረጉት ጥናት በፊልሙ መካከል አጭር ማብራሪያ ሲገባበት ልጆቹ ሐሳቡን በተሻለ ሁኔታ እንደ ተረዱት አግኝተዋል። የውጤት ካርዱን ነገር ግን መምህሩም ወላጁም ብቻቸውን አይወስኑትም። ሃምሳ ሁለተኛ የምትለውን መስመር ማን እንዳዘዛት፣ ለምን ጥቅም እንደምትጻፍ፣ ለታዳጊው ልጅስ ምን እንደምትነግረው የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች በዚሁ መጽሔት ላይ ቢመልሱልን እኔ በበኩሌ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።