ለራስ ድምፅ መስጠት፦ መብት ወይስ ሽሚያ?

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ስቲሚት የተሰኘው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ለጸሐፊዎች በዲጂታል ገንዘብ ይከፍላል። ክፍያው የሚወሰነው በድምፅ ነው፤ የድምፁ ክብደት ደግሞ ድምፅ ሰጪው በድረ ገጹ ባስቀመጠው ሀብት ይለካል። ለራስ ጽሑፍ ድምፅ መስጠትም አልተከለከለም።

«በገዛ ሀብቴ ማን ያገባዋል?» የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ክፍያው የሚቀዳው ከጋራ ቋት ነው፤ አንዱ ለራሱ በጨመረ ቁጥር የሌላው ድርሻ ይቀንሳል። ደባርቅ ላይ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ተራ አስከባሪው የራሱን በቅሎ ቢያስቀድም ማን ዝም ይለዋል?

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የድምፅ ሰጪዎች ድርሻ ከ25 ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል፤ የሌላውን ጽሑፍ መምረጥ ይበልጥ እንዲያዋጣ ማለት ነው። ዳሩ ግን ራሱን የሚመርጥ ሰው የጸሐፊውንም የመራጩንም ድርሻ ይወስዳል። ተጎጂው ሀብት የሌለው ጥሩ ጸሐፊ ነው። ደንቡ ስለፈቀደ ብቻ ድርጊቱ ፍትሐዊ አይሆንም።