ጣውላ ከማን እንግዛ?



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባ በአግዳሚዎቹ ጉዳይ የተነሣው ክርክር ሳያልቅ ስለመሸ፣ የኮሚቴው ሐሳብ በጽሑፍ ወጥቶ በሰሌዳው ላይ ይለጠፍ በተባለው መሠረት ይህን ጽፈናል። የማይስማማ አባል በሚቀጥለው ስብሰባ እጁን አውጥቶ ይናገር፤ ወረቀቱን መቅደድ አያስፈልግም።

ነገሩ ይኸውላችሁ። በድንኳን ውስጥ የምንዘረጋቸው አግዳሚዎች የባሕር ዛፍ ናቸው። ባሕር ዛፍን አንነቅፍም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ፣ ዛሬም የጎጃም ገበሬ ልጁን የሚያስተምርበትና ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብስበት ዛፍ ነው። ለአጣና፣ ለማገርና ለወራጅ የሚስተካከለው የለም። ጣውላ ሲሆን ግን፣ በተለይ እርጥቡን ከተሰነጠቀ፣ ይጣመማል፣ ይተረተራል፣ ምስማሩን ይተፋል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ እንግዳ ከነአግዳሚው ሲወድቅ ሐዘንተኛው ሳይቀር ሳቀ። ይህ ለማኅበራችን ክብር አይደለም። ስለዚህ 24 አግዳሚና 6 ጠረጴዛ ከደህና እንጨት ይሠራ ተብሎ በድምፅ ተወስኗል። የቀረው ጥያቄ እንጨቱ ከማን ይገዛ የሚለው ብቻ ነው።

ደህና እንጨት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናስረዳ። የእንጨት ምሁራን ዛፍን በሁለት ይከፍላሉ፤ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ጠንካራ ይሉታል፣ ጥድና ዝግባን የመሰለውን ለስላሳ ይሉታል። ይህ አከፋፈል ለእኛ ብዙም አይረባን፤ ምክንያቱም ያ የሚጣመመው ባሕር ዛፍም በእነሱ ቆጠራ ከጠንካራው ወገን ነው። ወይራ እውነትም ጠንካራ ነው፤ ግን ሰፊ ጣውላ አይወጣውም፣ የመጋዝ ጥርስም ይበላል። ብሳና ቶሎ ይነቅዛል። ግራቪሊያ ለጠረጴዛ እግር አይከፋም፣ በየአጥሩም ስላለ ንቀን አንተወውም። ለአግዳሚው መቀመጫ ግን ዋንዛን የሚያህል አላገኘንም። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ደግሞ መልኩ ደስ ይላል። አባቶቻችን ገበታውንም፣ ሙቀጫውንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮም ከእሱ የጠረቡት እንዲያው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጭቅጭቁ እንምጣ። አንዳንድ አባላት “ዋንዛ ጣውላ በርካሽ የሚያመጡ ሰዎች እናውቃለን፤ ሌሊት ደጃፍ ድረስ አምጥተው ያራግፋሉ” ብለዋል። እኛ አንድ ጥያቄ ነው ያለን፤ ለምን ሌሊት? የራሱን ዛፍ የቆረጠ ሰው ጣውላውን በገበያ ቀን፣ በፀሐይ፣ ሰው እያየው ይዞ ይመጣል እኮ! አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ዋንዛ ዛሬ የት የት እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ በመኪናው መስኮት ተመልከቱ። በእርሻ መካከል እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ቆሟል፤ በወንዝ ዳር ጥቂት አለ፤ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ነው። በጎጃም ምድር ከሩቅ ጥቁር ብሎ የሚታይ ደን ካያችሁ እዚያ ታቦት አለ ማለት ነው።

ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያን ንብረት ጠባቂ ማለት መሆኑን ልጆች እንኳ ያውቁታል። ገበዝ ማርያም ተብላ በምትጠራ ከተማ ተቀምጠን፣ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ ምናልባት ከአጸዳቸው በተሰረቀ እንጨት ላይ ቁጭ ብለን ልንሰማ ነው? ጣውላው ከዚያ ነው የወጣው አላልንም። ከየት እንደወጣ የሚናገር ወረቀት የለውም ነው ያልነው።

“እኛ ብንተወው ሌላው ይገዛዋል” የሚል ክርክርም ቀርቧል። ይግዛው። የእኛ ሣጥን በአባላት መዋጮ የተሞላ ስለሆነ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ አይገባበትም። ደግሞስ መንገድ ላይ ቢያዝና ቢወረስ፣ ቀብድ የተከፈለበትን ገንዘብ ማን ይመልሳል? ሌሊት ያራገፈው ሰው ቀን አይገኝም።

ሕጉንም በተመለከተ ብዙ የተዛባ ወሬ ስላለ ትንሽ እንቆይበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ልብ በሉ፣ ከመንግሥትና ከክልል ደን ነው ያለው። አዋጁ ገጠር ሲደርስ ግን አጥሮ “ዋንዛ የነካ ይታሰራል” የሚል ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 542፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥተዋል። የኋለኛው የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቶ ያውቃል፤ ያለማ ሰውም ባለቤት ይሆናል። አዋጁ ተለወጠ፣ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ቀረ።

ይህ ፍርሃት ምን እንደሚሠራ ከገጠር ዘመዶቻችን ሰምተናል። ዋንዛ ተካይ አይፈልግም፤ ወፍ ፍሬውን በልታ በጣለችበት ማሳ ይበቅላል። ገበሬው በአረም ጊዜ ያየዋል። “ይህ ባድግ ባሳድገው የእኔ ነው ወይስ የማን?” ብሎ ያስባል። የእሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ካልሆነ ከአረሙ ጋር ይነቅለዋል፤ ማን አየው? ባሕር ዛፍን ግን በጥቂት ዓመት ይሸጠዋል፣ የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ በኮሚቴው አስተያየት ዋንዛን ያጠፋው የሌቦች መጋዝ ብቻ አይደለም፤ በቀን የሚመጣ፣ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ማጣቱም ነው። ሁሉም ይከልከል የሚሉ አባላትም ይህን ያስቡበት። በማሳው ያለው ዋንዛ ገንዘብ እንደሆነ ያየ ገበሬ ችግኟን በአጥር ይከልላታል እንጂ አይነቅላትም።

ከዚህ በመነሣት የምንደግፈው መንገድ የቆመ ዛፍ መግዛት ነው። ይኸውም ከአባላት ዘመዶች መካከል በራሱ ማሳ ላይ የደረሰ ዋንዛ ያለውን ገበሬ ፈልጎ፣ ዛፉን ቆሞ ሳለ አይቶ፣ የማሳው ባለቤት መሆኑን ከቀበሌው በጽሑፍ አስመስክሮ፣ የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ከሚመለከተው የወረዳ ክፍል አውጥቶ በቀን መጫን ነው። ዋጋው ከሌሊቱ ጣውላ ይበልጣል። አንዋሽም፣ ይበልጣል። ምልልሱም ያሰለቻል፤ አንዱን ማኅተም ለማግኘት ሦስት ቀን መመላለስ ሊኖር ይችላል። ለዚህ የሚሮጡ ሁለት የኮሚቴ አባላት ተመድበዋል።

ከሩቅ ይምጣ የሚለውን ብዙ አልተወያየንበትም። በቡሬ በኩል በነቀምት መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ይምጣ እንዳይባል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በክልላችን መንገድ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ሆኖብናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኤምዲኤፍ ደግሞ ለቁም ሣጥን ያምራል፤ ዝናብ የሚያፈስ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል።

ጥንቃቄውን አናጢዎቻችን ነግረውናል፣ እኛም እናስተላልፋለን። ዛፉ የሚቆረጠው ክረምቱ ወጥቶ ምድር ሲጠና ነው። ልቡ የበሰበሰ መሆኑ ከውጭ ስለማይታይ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መምታት ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ይቅርብን። ጣውላው ከተሰነጠቀ በኋላ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ስስ እንጨት እየገባ ይደረደራል፣ ነፋስ እንዲያልፍበት። ጫፍና ጫፉ አሮጌ ቀለም ይቀባል፤ ካልተቀባ ከጫፉ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ በወር አደርቃለሁ የሚል አናጢ ካለ አትስሙት። የ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጣውላ በጥላ አንድ ዓመት ያህል ቢቆይ ነው የሚታመነው። ስለዚህ በዚህ ኅዳር ቢቆረጥ አግዳሚው የሚደርሰው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ አሮጌዎቹን በብረት ማጠናከሪያ እያያያዝን እንጠቀማለን፤ ከባድ ሰው ግን ዳር ዳሩን ባይቀመጥ ይመረጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሥራው ለሠፈራችን ወጣት አናጢዎች ይሰጥ ብለናል። እንጨት አጥተው የባሕር ዛፍ አልጋ ብቻ እየገጣጠሙ ያሉ ልጆች ናቸው። እጃቸው በዋንዛ ቢፈታ ነገ በርና መስኮት አዘው የሚወስዱ ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ይመጡላቸዋል። ማኅበሩ ደርቆ የተረፈውን ጣውላ በገዛበት ዋጋ እንዲሸጥላቸው ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል። ለሚቆረጠው ለእያንዳንዱ ዛፍም ሻጩ ገበሬ 10 የዋንዛ ችግኝ እንዲተክልና እንዲንከባከብ፣ የችግኙን ወጪ እኛ እንድንችል፣ ከክፍያውም ጥቂቱ ችግኞቹ አንድ በጋ ካለፉ በኋላ እንዲከፈል በውሉ ውስጥ ይገባል። ይህን “ለዕድር ምን አገባው?” ያሉ አሉ። ከ20 ዓመት በኋላም ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚም ያስፈልጋል።

በመሆኑም በማሳው የደረሰ ዋንዛ ያለው ዘመድ ወይም አበልጅ ያላችሁ አባላት፣ የሰውየውን ስም፣ ቀበሌውን፣ የዛፉን ብዛትና ስንት ክንድ ዙሪያ እንዳለው ይዛችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቅ በሉ። መዝገቡ እስከ ጥቅምት 30 ክፍት ነው። ዛፉን ሳያዩ በስልክ ብቻ የሚያስመዘግቡ አይመዘገብላቸውም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ገበዝ ማርያም