ጥሬው ለካዝና፣ ወተቱ ለምድጃ

«ጥሬ ወተት ወደ ዕለት ማዕዳችን ይመለስ» የሚለው ስብከት ከየአቅጣጫው መሰማት ከጀመረ ሰነባበተ። ሰባኪዎቹ አያቶቻችንን ምስክር ይጠራሉ፤ ወተት ከላሟ ጡት እንደወረደ ሕይወት፣ እሳት ከነካው በኋላ ሬሳ ነው ይሉናል። ከእኛ ከግጥም ወዳጆች መካከልም አረፋውንና ሙቀቱን በስንኝ እያሞካሹ የሚያጅቧቸው አልጠፉም። ይህን በዝምታ ማለፍ ከበደኝ።

ከቃሉ ልነሣ። በአማርኛችን «ጥሬ» ያልበሰለ፣ ገና ያልተሠራ ማለት ነው። እኔ የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ጥሬ ገንዘብ በመቁጠር ነው። በዚህ ሙያ ጥሬው ሳይፈተሽ ካዝና አይገባም፤ ብሩ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል በጣት ይዳሰሳል፣ በብርሃን ይታያል። ለወረቀት እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ለልጆቻችን ጉሮሮ ስንፍና የሚይዘን ስለ ምን ይሆን?

ለመሆኑ አያቶቻችን ወተቱን መቼ በጥሬው ተዉት? ባልቴቷ ክሉን በወይራ ወይም በጥንጁት ታጥናለች። ወተቱን ታረጋለች፣ እርጎውን ንጣ ቅቤውን ታወጣለች፣ አሬራውን እሳት ላይ ጥዳ አይብ ታደርጋለች፤ ቅቤውንም በኮረሪማና በኮሰረት ታነጥራለች። ይህ ሁሉ ድካም ወተትን ከጥሬነቱ የማውጣት ጥበብ ነው። ጥሬውን ብቻ ነጥሎ «ባህላችን» ማለት የእናቶችን እውቀት መካድ ነው። እርግጥ ነው፣ ትኩሱን የሚጠጣም ነበረ። ነገር ግን ጠጥተው የዳኑት ይመሰክራሉ እንጂ ያልዳኑት ለምስክርነት አይቆሙም።

ጭሱም ሆነ መርጋቱ ብቻውን አይበቃም። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ጤናማ ከምትመስል ላም ወተት ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ሁለተኛው እየተመላለሰ የሚያንገላታ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በመካከለኛው ኢትዮጵያ የወተት ከብቶች ላይ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 30 በመቶ ያህሉ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንዳሳዩ ዘግቧል። እነዚህ በግጥሞቻችን መስክ ላይ የሚቦርቁት ላሞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ በከተማ ዙሪያ በጠባብ በረት ተጣበው የሚያድሩ የተዳቀሉ ላሞች ናቸው። የከተሜው ብርጭቆ የሚሞላው ከእነርሱ ነው።

መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወይንን በማሞቅ የጀመረው ዘዴ ለወተት ሲውል 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 15 ሴኮንድ ይበቃዋል። የሰውየው ስም ጉለሌ ላይ የሰፈር ስም ሆኖ ይኖራል፤ ትምህርቱን ግን የረሳነው ይመስላል። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ከእሳቱ በኋላ በቦታቸው ናቸው። የሚጎድለው ጥቂት ቫይታሚን ነው፤ እርሱንም ጎመንና ብርቱካን ይተኩታል።

«የፋብሪካ ወተት ቀጭን ነው፣ ውሃ ይቀላቅሉበታል» የሚለኝ ይኖራል። ውሃ የሚቀላቅል ነጋዴ ካለ ጥፋቱ የነጋዴው እንጂ የእሳቱ አይደለም። ከጎረቤት ላም የገዛኸውን ወተት እቤትህ አፍላው። ድስትና ከሰል እንጂ ፋብሪካ አይጠይቅህም።

«አዋቂ ሰው ለራሱ ይምረጥ» የሚሉም አሉ። ይሁን፣ ይምረጥ። ነገር ግን በእኛ ቤት ወተት ሲገኝ ማን ይቀድማል? ሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ አልጋ ላይ የዋለው ሕመምተኛ አይደሉምን? በሽታው የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነው። እነርሱ ግን አልመረጡም፤ የቀረበላቸውን ጠጡ እንጂ።

ስለዚህ ወዳጄ ባለቅኔ ሆይ፣ ብዕርህን አልነጥቅህም፦

አወድሳት ላሟን፣ ስንኝህ ይፍሰስ፤
ወተቱ ግን ይፍላ፣ ለልጅህ ሳይደርስ።