ስለ ሁለተኛይቱ የልጅ ጋሪ

ትልቅ የልጅ ጋሪ በቤታቸው ያላቸው ወላጆች፤ ለመንገድ የሚሆን ቀላል ሁለተኛ ጋሪ ቢገዙ ይበጃቸው እንደ ሆነ ሲጠይቁ እንሰማለን። ስለዚሁ ነገር ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

የልጅ ጋሪ በመጀመሪያ የመኳንንት ዕቃ ነበረ። በ1733 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ዊልያም ኬንት የተባለው እንግሊዛዊ ለዴቮንሺር መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ የሚሳብ ነበር። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ግን በ1965 ያወጣው ኦወን ማክላረን ነው። እርሱም የአውሮፕላን መሐንዲስ ስለ ነበረ የዚያን ጥበብ ወደ ልጅ ጋሪ አመጣው፤ ክብደቱም 3 ኪሎ አይሞላም ነበር።

ቀላል መሆኑ ግን ጕድለት አላጣውም። መንኰራኵሩ ትንንሽ ስለ ሆነ ለአስፋልትና ለለስላሳ ወለል እንጂ፤ ለጐጃም የክረምት ጭቃ አይሆንም። ይህን ይዞ በሐምሌ ደብረ ማርቆስ ገበያ የወጣ ሰው፤ ልጁን በአንድ እጅ ጋሪውን በሌላው ተሸክሞ ይመለሳል።

እንግዲህ በደጋው አገር ሁለተኛይቱ ጋሪ አንቀልባ ናት ብንል አንባቢዎቻችን አይሣቁብን። ከለፋ ቆዳ የተሰፋች ናት፤ ዳገትና ቍልቍለት አይበግራትም፤ ተጠቅልላም ከስንቅ ጋራ ትቀመጣለች። ሕፃኑ እግሮቹን ከፍቶ የእናቱን ወገብ ማቀፉ ለዳሌው መልካም መሆኑን የዛሬ ሐኪሞችም ይናገራሉ። አፍንጫው እንዳይታፈን ግን ደጋግሞ መመልከት ያስፈልጋል።

በአውሮፕላን ለሚጓዝ ወይም በአዲስ አበባ አስፋልት ለሚኖር ሰው ታጣፊው ጋሪ ይጠቅመዋል። ሳይገዛ በፊት፤ ልጁን ታቅፎ በአንድ እጁ ያጥፈው፤ እንቢ ካለው ይተወው። መደገፊያው ተዘርግቶ የማያስተኛ ከሆነ 6 ወር ላልሞላው ሕፃን አይሆንም። ዘንቢል በመያዣው ላይ ቢሰቅሉበት ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከሁሉ ይልቅ ማጠፊያውን ይመርምር፤ በ2009 በአሜሪካ አገር ወደ 1 ሚሊዮን የሚሆኑ የማክላረን ጋሪዎች፤ ማጠፊያቸው የልጆችን ጣት ጫፍ በመቍረጡ ምክንያት እንዲታረሙ ተጠርተዋል። ስለዚህ ማጠፊያው የተሸፈነ ይሁን፤ ሲዘረጋም ልጅ አይቅረብ።

ጋሪም ሆነ አንቀልባ የመኪና መቀመጫን አይተካም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በዓባይ በረሃ የሚጠማዘዘው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና በድንገት ሲቆም ደግሞ የእናት ክንድ ሕፃኑን ሊይዝ አይችልም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፤ አስቀድሞ የመኪናው መቀመጫ ይገዛ እንላለን። አንቀልባዪቱን አያትዮዋ አስቀምጠዋት ይሆናል።