መዝገቡ የት አለ?

በአንዲት ትንሽ ከተማ ሙዚየም ውስጥ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጠገራ ብር አለ። ሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «በ1780 ዓ.ም. የተሠራ» ይላል። ማን አጣራው? ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከሞቷ በኋላ ለንግድ የተመታው ጠገራ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመታው ሳይቀር፣ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ብሩ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። «ዓ.ም.» የሚለውስ ከየት መጣ? ወረቀቱን የጻፈው ሰው ማንን ጠየቀ? ስሕተቱን ደብተሩ ላይ ገልብጦ የሚሄደው ተማሪ ለማን አቤት ይበል?

የከተማዋን ስም ልተወው። ስሟን ብጠራ ጥያቄው የእሷ ብቻ ይመስላል።

ግድግዳው ላይ ጠመንጃ ተሰቅሏል። «የጥንት ጠመንጃ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጥንት መቼ ነው? ከዓድዋ በፊት? ከማይጨው በኋላ? ወደ አገራችን ከገቡት የአውሮፓ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የተሠሩበት ፋብሪካና ዓመት ብረታቸው ላይ ተቀርጿል። አቧራውን ጠርጎ ማንበብ የስንት ወር ሥልጠና ይጠይቃል? ጠመንጃውን የያዘው ማን ነበር? የት ዘመተበት? ማረከው ወይስ ወረሰው? ያመጡት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ አስረክበው ሄዱ? ወይስ እነሱ ተናግረው የሚጽፍ ጠፋ?

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ሙዚየሙ ሲቋቋም ነዋሪው የአያቱን ጋሻ፣ የአባቱን ካባ፣ የእናቱን መሶብ አምጥቶ ሰጥቷል። «ለትውልድ እናስተላልፋለን» ስለተባለ ነው የሰጠው። ሲሰጥ ምን ተፈረመለት? ዕቃው የገባው በስጦታ ነው በውሰት? የቤተሰቡ ስም የት ሰፈረ? ጋሻው ቁጥር አለው? ፎቶ ተነሥቷል? መጠኑና የተሰነጠቀበት ቦታ ተጽፏል? ካልተጻፈ፣ ነገ ቢጠፋ መጥፋቱን በምን እናውቃለን? በሌላ ቢለወጥስ? ፖሊስ ዘንድ ቀርበን ምን ልንል ነው? «አንድ ጋሻ ነበረን»?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት የመንግሥት መሆኑን ይደነግጋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። አዋጁ ከወጣ ስንት በጀት ዓመት አለፈ? በእነዚህ ዓመታት በዚህ ሙዚየም ውስጥ ስንት ዕቃ ተመዘገበ? ቁጥሩን የሚያውቅ ማን ነው? ካወቀስ ለምን አይነግረንም?

«በጀት የለም» ይባላል። እሺ። ለሙዚየሙ ምርቃት ድንኳን፣ ባነርና ምሳ የተገኘው በጀት ከየት መጣ? መዝገብ እኮ የተሰመረ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የሽማግሌ ቃል ለመቅዳት በየሠራተኛው ኪስ ያለው ስልክ ይበቃል። ካባውስ? የሙዚየም ሙያ ጨርቅና ብራና ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ለክስ ባይበልጥ ይመክራል፤ ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስምና። ታዲያ ካባው የከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ለምን ተሰቀለ? ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ለማዛወር የስንት ብር በጀት ያስፈልጋል?

በሩስ በሥራ ሰዓት ለምን ይዘጋል? ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ከሄደ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ዘንድ አለ? ሩብ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚላከው ሪፖርት ሙዚየሙ ስንት ሰው እንዳስጎበኘ ይገልጻል። ከተዘጋው በር የተመለሰው ሰው በየትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ? የጎበኘውስ ምን ተረድቶ ወጣ? ይህን የጠየቀው አለ?

ሌላም አለ። ጎራዴው ሥር የባለቤቱ ማዕረግ ተጽፏል። የቀጠቀጠው ሰው ግን ማን ነው? እንስራውን ያበጀችው ማን ናት? ጋቢውን ማን ሸመነው? ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን በሕይወት ሳሉ ማግለላችን አንሶ፣ የእጃቸውን ሥራ ለእይታ አቅርበን ስማቸውን ልናስቀር ነው? ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ከተማ ውስጥ የሉም? ሄዶ ያነጋገራቸው አለ? «የከተማችን ታሪክ» የሚለው ትልቁ ሰሌዳ የሚናገረው ስለ ማን ከተማ ነው?

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የዘረፈው እንዲመለስ እንጠይቃለን። መጠየቃችን ትክክል ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል፤ ታቦታትና ብዙ ብራናዎች ግን አሁንም ለንደን ናቸው። የእንግሊዝ ሙዚየም ከዘረፋው ዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1877 እ.ኤ.አ.፣ የግዕዝ ብራናዎቹን ካታሎግ አሳትሟል። የዘረፈው በዘጠኝ ዓመት ይህን ካደረገ፣ ባለቤቱ የገዛ ጋሻውን ለመመዝገብ ስንት ዓመት ይፈልጋል? «ብንመልስላችሁ አትጠብቁትም» የሚለውን ማመካኛ የሚያፈርሰው የመድረክ ንግግራችን ነው ወይስ በየከተማው ያለ የተሟላ መዝገብ?

በየዓመቱ ግንቦት 10 ዓለም አቀፉ የሙዚየም ቀን ይከበራል። መፈክር ይወጣል፤ ንግግርም ይደረጋል። በሚቀጥለው ግንቦት 10 ከንግግሩ በፊት መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥልን። ካለ ገልጠን እናንብበው። ከሌለ «የለም» ተብሎ በግልጽ ይነገረን፤ ማን እንደሚያዘጋጀውና መቼ እንደሚያልቅም ይታወቅ። ጋሻውን ያስረከበው ቤተሰብ ደረሰኝ የመጠየቅ መብት አለው። ደረሰኙን የሚቆርጥለት ማን ነው?