የተጠበሰው የዶሮ ሳንዱች ሆይ ሆይታው ይገባዋልን?



በዚህ ሰሌዳ ላይ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮና ስለ ውሃ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሳንዱች ለመጻፍ ተገደናል። ምክንያቱም ባለፈው ስብሰባችን ከአጀንዳ ውጪ ተነስቶ ብዙ ሰዓት የፈጀው በመንገዱ ዳር የተከፈተው የዶሮ ሳንዱች ቤት ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን «እንዲህ ያለ ነገር በማርቆስ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ» ብሎ ያወድሳል። ሌላው ወገን ደግሞ «ልጆቻችንን ከማዕድ ነጠለብን፤ ማኅበሩ አቤቱታ ጽፎ ያዘጋልን» ይላል። እኛም ሁለቱንም ካዳመጥን በኋላ፣ ሄደን ቀምሰን፣ ባለቤቶቹንም ጠይቀን የደረስንበትን አስተያየት እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ያልቀመሰ ሰው ነገሩን ይወቀው። አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ደረት ወይም ታፋ በቅመም ታሽቶ ያድራል። በማግስቱ ዱቄት ለብሶ በፈላ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል። ከዚያ በክብ ዳቦ መሀል ከተከተፈ ጥቅል ጎመንና ከማዮኔዝ ጋር ይገባል፤ አጠገቡ የድንች ጥብስ ይደረጋል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስለ ጣዕሙ ሐቁን እንናገር ከተባለ ይጥማል። ሲነክሱት ከላይ ኩርሽም ይላል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ሚጥሚጣውም ምላስ ይቀሰቅሳል። ነገር ግን አንዳንድ ወጣቶች እንደሚያወሩት ዶሮ ወጥን የሚያስረሳ አይደለም። ኧረ እንዲያውም ሁለቱን ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም እንላለን። ለምን ቢባል ዶሮው ራሱ ሌላ ነው።

የሐበሻ ዶሮ በየግቢያችን ስትጭርና ስትሮጥ የምታድግ ናት። ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ ጣዕሟም ያለው እዚያው ጥንካሬዋ ላይ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን 12 ብልት አውጥተው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው፣ በቁሌቱ ውስጥ ቀስ ብላ እንድትበስል ያደርጋሉ። እሷን ሩብ ሰዓት በዘይት ጠብሳችሁ በዳቦ ብታቀርቧት የሚነክሳት ጥርስ አይገኝም። ለጥብስ የሚሆነው በእርባታ ቤት መኖ እየተቀለበ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ለመታረድ የሚደርሰው ነው፤ ሕዝቡ የፈረንጅ ዶሮ የሚለው። የዚህ ሥጋ ለስላሳ ነው፤ የራሱ ጣዕም ግን ትንሽ ስለሆነ ከቅመሙና ከዘይቱ ይበደራል። እንግዲህ አንዱ የበዓል ወጥ፣ ሌላው የመንገድ ዳር ምግብ ነው። እያንዳንዱ በቦታው ይመስገን።

ታዲያ ሆይ ሆይታው ከየት መጣ? የመጣው ከምላስ ሳይሆን ከቲክቶክ ነው። ይህም በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ አገር ፖፓይስ የሚባለው ድርጅት በነሐሴ 2011 ዓ.ም. አንድ አዲስ የዶሮ ሳንዱች ቢያወጣ፣ በስልክ በተናፈሰው ወሬ የተነሳ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አልቆበታል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. እንደገና ሲያመጣው ሰልፉ ከፊተኛው ባሰ። ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት «ሰልፍ ጣስህ» በሚል ጠብ የአንድ ሰው ሕይወት ጠፋ። ለሳንዱች እኮ ነው! ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚባለው ለዚህ ነው። ሰልፍ የሚያሳየው የሰው ብዛትን ነው እንጂ የምግቡን ጥሩነት አይደለም።

ነገር ግን በሌላ በኩል፣ የዚህ ምግብ አነሳስ ሲታይ የሚናቅ አይደለም። ኬኤፍሲ የተባለውን በዓለም የታወቀ ድርጅት ያቋቋሙት ሃርላንድ ሳንደርስ በእ.ኤ.አ. 1930 ሥራ የጀመሩት ኬንታኪ ውስጥ ከመንገድ ዳር ነዳጅ ማደያ ላይ ለመንገደኛ ምግብ እያቀረቡ ነው። የእኛዎቹም ባለቤቶች ተመርቀው ሥራ ያጡ፣ ዕቁባቸውን አሰባስበው የጀመሩ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። «ይዘጋ» ለምትሉ ወገኖች ይህን አስቡልን እንላለን። ልጅ ሥራ ፈትቶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እናማርራለን፤ ሥራ ሲፈጥርም እናማርራለን። ይሄ አይሆንም። በመሆኑም ማኅበሩ የመዝጊያ አቤቱታ አይጽፍም።

ስለ ዋጋው የቀረበው ቅሬታ ግን እውነት ነው። የአንዱ ሳንዱች ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ሽሮ ያሠራል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተረዳነው ይህ ነው፦ ዶሮው የሚመጣው በረዶ ሆኖ ከቢሾፍቱ አካባቢ እርባታዎች ነው። አዲስ አበባ ድረስ ብቻ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ችግር መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ዶሮውም ይቀራል፤ ሲከፈትም ዋጋው ጨምሮ ይደርሳል። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾሞች ሲደመሩ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም ነው። የቤት ኪራይ ግን ጾም አያውቅም። ስለዚህ የግማሽ ዓመት ገበያ የሙሉ ዓመት ኪራይ ይሸከማል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ባለቤቶቹን አንድ ነገር እናመሰግናለን፤ በጾም ቀን ዶሮ አያወጡም፤ የድንችና የምስር ሳንዱች ይሸጣሉ። አንዳንዱ «እንዲህ ከሆነማ ይከስራሉ» ይላል። በአሜሪካ ቺክ ፊል ኤ የሚባል ትልቅ የዶሮ ሳንዱች ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1946 ጀምሮ እሑድ እሑድ ይዘጋል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የሰውን ሃይማኖት ያከበረ ደንበኛ አያጣም።

ከዚህ ቀጥሎ በግልጽ ልንናገር የሚገባን ጉድለቶች አሉ።

አንደኛ፣ ዘይቱ ነው። ዘይት እየተወደደ ሲሄድ ያንኑ ደጋግሞ ማፍላት ይመጣል። ብዙ ጊዜ የፈላ ዘይት ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ሽታው ይለወጣል፤ ለጤናም ጎጂ ነው። እኛ ባየንበት ቀን ዘይቱ ጠቁሮ ነበር። ያገለገለውም ዘይት ቦይ ውስጥ ሲደፋ ረግቶ ቦዩን ይደፍነዋል፤ ያን ቦይ የሚጠርገው ማነው? እኛው ነን።

ሁለተኛ፣ ዶሮው በማን እጅ እንደተባረከ አይታወቅም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወንድማችን በዚህ ነገር ቀልድ የለውም። በረዶ ሆኖ በከረጢት የመጣ ዶሮ ማን እንዳረደው ሳይነገር «ዝም ብለህ ብላ» አይባልም።

ሦስተኛ፣ የልጆች ነገር ነው። የደብተር መግዣ እየተሰጣቸው ለሳንዱች የሚያውሉ አሉ። ለፎቶ ብሎ ገዝቶ ግማሹን ጥሎ የሚሄድም አይተናል። ይህ ግን የሻጩ ጥፋት ሳይሆን የእኛ የወላጆች ቁጥጥር ጉድለት ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ ልጆቻችን በስልክ ወሬ እንዳይጣሉ መምከር ያለብን እኛው ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። ሆይ ሆይታው ይገባዋል ወይ? እኛ የምንለው፣ ምግቡ ምስጋና ይገባዋል፤ ሆይ ሆይታው ግን ገና ነው። ሆይ ሆይታ የሚገባው ገንዘባችንን ወስዶ ለሰፈራችን የሚያስቀርልን ነገር ሲኖር ነው። በዛሬው አያያዝ ዶሮው የሩቅ፣ ዘይቱ የውጭ ነው፤ የእኛ የሆነው ሰልፉ ብቻ ነው!

ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ድንቹ ከስናንና ከጎዛምን ደጋ ይገኛል። በርበሬና ሚጥሚጣ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን በኩል ይመጣል። ሌላም አለ፤ የአሜሪካ ጠባሾች ዶሮውን ከመጥበሳቸው በፊት የሚዘፈዝፉት ቅቤው ከወጣለት ወተት ውስጥ ነው። እንዴ፣ ይሄ እኮ የእኛው አሬራ ነው! አሬራው ኮምጠጥ ስለሚል ሥጋውን ያለሰልሰዋል። እናቶቻችን ቅቤ በናጡ ቁጥር የሚተርፋቸውን አሬራ ቢገዟቸው ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ዶሮውንም በተመለከተ፣ ሳሶ የሚባለውን ዝርያ ጫጩት ከአከፋፋይ ገዝተው የሚያሳድጉ እናቶች በሰፈራችን አሉ። ሳሶው ኮርማ በ3 ወር ገደማ ለመታረድ ይደርሳል፤ እንደ ሐበሻ ዶሮም አይጠነክርም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ እነዚህ እናቶችም የሚመኙት ከበዓል ገበያ ውጪ በየሳምንቱ የሚገዛቸውን ሰው ነው። የሚያሰጋቸው ፈንግል ነው፤ ክረምት ሲቃረብ ገብቶ ግቢውን ባዶ ያስቀረዋል። ለዚህም ክትባት አለው። ዶሮው እዚሁ አድጎ እዚሁ ቢታረድ የማጓጓዣው ወጪ ይቀራል፤ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሥራው አይቆምም፤ ማን እንደባረከውም ይታወቃል።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳስባል።

ለሳንዱች ቤቱ ልጆች፦ ዘይቱን በወቅቱ ቀይሩ፤ ያገለገለውን በጀሪካን አጠራቅሙ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉ። የእርዱን ነገር በግልጽ ጽፋችሁ ለጥፉ። በሚመጣው ወር ስብሰባ ተገኝታችሁ ከዶሮ አርቢ እናቶች ጋር በዋጋና በብዛት ተነጋገሩ፤ ቦታውን ማኅበሩ ያዘጋጃል።

ለዶሮ አርቢ እናቶች፦ ስማችሁንና የዶሮዎቻችሁን ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ። የፈንግል ክትባት እንዲሰጥ ለግብርና ጽሕፈት ቤት በአንድ ላይ እንጠይቃለን።

ለወላጆች፦ ልጅን ከነጭራሹ መከልከል ወሬውን ያጣፍጠዋል። በወር አንድ ቀን ይዛችሁት ሂዱ፤ ቆርሳችሁ አብራችሁ ብሉ። ቀምሶ ሲያውቀው ጉጉቱ ይበርዳል።

ለወጣቶች፦ ብሉ፣ ተደሰቱ፤ ነገር ግን በብድር ሳንዱች አትብሉ። ዳቦም አትጣሉ፤ ነውር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ ነዋሪ ካለ ሐሳቡን ጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ይክተት፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት