የደቻቱን አሸዋ እኛው እንመርምረው

ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ደቻቱ፥ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰውም ከብትም በእግሩ ይሻገረዋል። ሆኖም ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ይኸው ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ከ250 የሚበልጡ ነዋሪዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ በዳርቻው የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ነገር ግን ግንብ የሚቆመው በአፈር ላይ ነውና፥ ከሥሩ ያለው አሸዋ የተሸረሸረ እንደሆነ ግንቡም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የአሸዋው ነገር ሊያሳስበን ይገባል።

በሌላው ዓለም ሊቃውንት አሸዋን በባክቴሪያ ማጠንከር ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ስፖሮሳርሲና ፓስቴዩሪ የተባለችው የአፈር ባክቴሪያ ዩሪያን ትሰባብራለች። ከዚያ የሚወጣው ካርቦኔት ከተጨመረለት ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ በሃ ድንጋይ ይረጋና የአሸዋውን ቅንጣት እርስ በርሱ ያጣብቃል። እንዲህ የጠነከረ አሸዋ ግን እንደ ሸክላ በድንገት ይሰነጠቃል። በዚህ ምክንያት የተክል ቃጫ ይቀላቀልበታል፤ ስንጥቁ ሲጀምር ቃጫው ይይዘዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ነውን? አይደለም። አባቶቻችን የግድግዳ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው የሚያሳድሩት በከንቱ አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለሰው ብቻ አይደለም።

«የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሲሚንቶ ለግንብ ይሁን። በልኩ በባክቴሪያ የተያያዘ አሸዋ ግን ውሃ ማሳለፉን አይተውም፤ የወንዝ ዳርቻም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ አለ። ዩሪያ ሲሰባበር አሞንያ ይቀራል። ድሬዳዋ ደግሞ የምትጠጣው የከርሠ ምድር ውሃ ነው። ዳርቻ እናጠነክራለን ብለን ጉድጓድ ብንመርዝ ማን ይቅር ይለናል? ዩሪያውም ቢሆን ገበሬው ለማዳበሪያ የሚፈልገው ነው። ደግሞም ጎርፉ የሚወርደው ከላይ ከተራራው ስለሆነ፥ ያለ ዛፍና ያለ እርከን አሸዋ ማጣበቅ ብቻውን ከተማ አያድንም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ የምንለው ቶሎ ይሠራበት ሳይሆን ቶሎ ይመርመር ነው። የምህንድስና፥ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎች አንድ ላይ ይሁኑ። ጥቂት የደቻቱ አሸዋ በሣጥን ይምጣ። ቃጫ ይቀላቀልበት፤ በየመንገዱ የሚጣለው የጫት ገረባ ይጠቅም እንደሆነም ይፈተን። ሲረጥብና ሲደርቅ ስንት ጊዜ እንደሚችል፥ ምን ያህል አሞንያም እንደሚንጠባጠብ ይለካ። አሞንያውን መያዝ ካልተቻለ «ይቅር» ብለን በግልጽ እንጻፍ፤ ከተቻለ ግን ውጤቱን ይዘን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እንሂድ። ሌላ ሰው አጥንቶልን እስኪመጣ የምንጠብቅ ከሆነ፥ ክረምቱ አይጠብቀንም።